የኅዳጉ ቁጥሮች

ሁልዱቪክ፣ ኦገስት 19

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለኮልቤይን፤

ከሩቅ ሆኜ ሰላም እልሃለሁ። እግዚአብሔር በሰው አገር ከክፉ ይሰውርህ፤ ዳቦህን ያለ ጭንቀት ያብላህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ከእኔ ጋር መኖሩን ለምዶታል።

በስልክ ለምን አልነገሩኝም እንዳትለኝ። በስልክ ስታወራ ድምፅህ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስለኛል። እኔም "አዎ፣ አዎ" እያልኩ እዘጋዋለሁ፤ ምን እንዳልክ ግን አላውቅም። ወረቀት ሲሆን ደግሜ አነበዋለሁ።

በጁላይ ከዋና ከተማው ከሬይክያቪክ የአደጋ መከላከያ ሰዎች መጥተው ነበር። የሚበር ትንሽ ነገር ሆቱር ተራራ ላይ ሲያበርሩ ሰነበቱና፣ በጎቹን አስደንግጠው ሄዱ። አሁን ካርታ ልከው ኅብረት ሱቁ በር ላይ ተለጥፏል። በካርታው ላይ ቀይ መስመር አለ። ከመስመሩ በላይ ያለ ቤት የበረዶ ናዳ ይደርስበታል ማለት ነው። መስመሩ በግቢያችን ውስጥ ያልፋል፤ ቤቱ ከመስመሩ በላይ፣ የዶሮ ቤቱ ከመስመሩ በታች። ዶሮዎቹ ይተርፋሉ።

መስመሩ ከጸደቀ ከመስመሩ በላይ ያሉትን ቤቶች ማዘጋጃ ቤቱ ይረከባቸዋል። በበጋ ብቻ ነው የሚኖርባቸው፤ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ይዘጋሉ። እኔ እዚህ ቤት ተወልጄ፣ እዚሁ አርጅቼ፣ ለገዛ ቤቴ የበጋ እንግዳ ልሆን ነው።

ተቃውሞ ያለው ሰው በኦክቶበር መጨረሻ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ማቅረብ ይችላል ተብሏል። ግን እንባ ሳይሆን ስሌት ይዞ ነው የሚቀርበው። ጎረቤታችን ስቱርላ ትናንት የመንደሩ መዋኛ ሙቅ ገንዳ ውስጥ እስከ አንገቱ ተዘፍቆ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፦

"ቶርዲስ፣ የወንድምሽ ልጅ ለኦስትሪያ የበረዶ ተንሸራታቾች ናዳ የሚያሰላ አይደለም እንዴ? ለቱሪስት ያሰላ ለአክስቱ ምን ያግደዋል?" አለኝ።

"ጠይቄው አላውቅም" አልኩት።

"ጠይቂዋ! ቤቱ ሲሄድ ልትጠይቂው ነው?"

ይኸው ጠየቅሁህ። እንድታደላልኝ አይደለም፤ እንድታሰላልኝ ነው።

አክስትህ ቶርዲስ

*

ግራዝ፣ ሴፕቴምበር 2

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ቶርዲስ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎን ፈጣሪ ያበርታልኝ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ሌላ የምለው የለኝም። የሥራ ውሌ የገና በዓል ሲደርስ ያበቃል። ያድሱታል፣ አያድሱትም እያሉ በየሳምንቱ ያወራሉ። መስማቱ ሰልችቶኛል።

የጠየቁኝን እሠራለሁ። የሆቱርን ከፍታና ቅርፅ የሚያሳዩት ቁጥሮች ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ አውርጃቸዋለሁ። የምሠራበትን ነገር ግን አስቀድሜ ላስረዳዎት። የስሌት ደብተር እንለዋለን። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ደብተር ነው። በላዩ እንደዚህ ደብዳቤ ያለ ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ ሥር ስሌቱ ያለበት ሳጥን፤ ከሳጥኑ ሥር ስሌቱ ያወጣው ሥዕል። ሳጥኑን ሲያዙት ይሠራል። የበረዶውን ውፍረት ቀይረው ቢያዙት ናዳው ሌላ ቦታ ሲቆም ያያሉ። በእኛ ሥራ ሰው ስሌቱን የሚሰጠው እንዲህ አድርጎ ነው፤ "እመነኝ" አይልም፣ "እንካ፣ ራስህ አስኪደው" ይላል።

ስጨርስ ፋይሉን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለምትሠራው ለድሪቫ በኢሜይል እልካለሁ። እርስዎ ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ አያቴ ስለ ድሮው ናዳ ሲያወሩ የት ቆመ ይሉ ነበር?

አክባሪዎ ኮልቤይን

*

ሁልዱቪክ፣ ሴፕቴምበር 14

ለኮልቤይን፤ ጤናና ዕረፍት እንዲሰጥህ እመኛለሁ፤ ከሁለቱ ያጣኸው ዕረፍቱን ይመስለኛል።

በጎቹ ከተራራ ወርደዋል። እኔም ለየባለቤቱ በሚለዩበት በረት በር ላይ ቆሜ የሌላውን ሰው በግ ስገፋ ዋልኩ። ጉልበቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ አኩርፎኛል።

ፋይልህ ደርሷል። ድሪቫ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ ወደ ላይና ወደ ታች እየጎተተች አየችው።

"እትዬ ቶርዲስ፣ ይሄ ፋይል የታመመ ይመስለኛል" አለችኝ።

"ታሞ ነው ወይስ ኦስትሪያዊ ሆኖ ነው?"

"እኔ እንጃ። ቅንፍ ብቻ ነው።"

እስቲ አትሚው አልኳት። ማተም ጀመረ። መጀመሪያ ቅንፍና ጥቅስ ምልክት ወጣ። በመሐል በመሐሉ የሰው ቋንቋ የሚመስል አንድ መስመር ይታየኛል፤ ልይዘው ስል ይጠፋል። ከዚያ ክፍተትም ነጥብም የሌለው የፊደል ክምር መጣ። አንዱ ገጽ አልቆ ሌላው ይቀጥላል። የፕሪንተሩ ወረቀት እስኪያልቅ ድረስ አልቆመም። ስቱርላ ጋዜጣ ሊያነብ መጥቶ ኖሮ ክምሩን አንስቶ መዘነና፦

"ናዳው ይሄ ከሆነ በእውነትም ይቀብረናል" አለ።

ልጄ፣ ሰው የሚያነበው አድርገህ ላክልኝ። እኔ ደብተሩን ላስኬደው አልፈልግም። እኔ ራሴም በጭንቅ ነው የምሄደው።

ስለ ድሮው ናዳ ለጠየቅኸኝ፤ አባቴ ከቤቱ በላይ ያለው ግራጫ ድንጋይ አጠገብ ቆመ ይል ነበር። ግን ያን ጊዜ እሱ ሕፃን ነበረ። ሕፃን ያየው ነገር ሁሉ ትልቅ ነው፤ ወይም ከሰው የሰማውን ነው የሚያወራው።

አክስትህ

*

ግራዝ፣ ሴፕቴምበር 25

ለተከበሩ አክስቴ፤

በጤና እንዳሉ አምናለሁ። ስላጠፋሁብዎት ወረቀት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ድሪቫንም ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ፋይሉ አልታመመም። ደብተሩን የሚከፍተው ፕሮግራም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስለሌለ ሆድ ዕቃውን ነው ያያችሁት። ያ የፊደል ክምር ሥዕሉ ነው፤ ሥዕል እዚያ ውስጥ በፊደል ተጽፎ ነው የሚቀመጠው።

ወደ ወረቀት መገልበጡ ከስሌቱ ይበልጥ አደከመኝ። መጀመሪያ ስገለብጠው የእኛን አገር ፊደላት አላውቅም ብሎ የተራራውን ስም በባዶ አራት ማዕዘኖች ሞላው። ሁለተኛ ስሞክር ረጃጅሙ መስመር ከወረቀቱ ዳር አልፎ ተቆረጠ። በመጨረሻ አስቀድሜ ወደ ድረ ገጽ፣ ከድረ ገጹ ወደ ወረቀት ገለበጥኩት። አሁን ደህና ነው። አትሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። ስሌቱን የሠራሁት በሰው ዕድሜ አንዴ በሚወርደው ትልቅ በረዶ ነው፤ ጽሑፉ ላይም ተጽፏል። ሥዕሉን ይመልከቱት። ናዳው ከግራጫው ድንጋይ በላይ ይቆማል። አያቴ እንዳሉት ነው። ቤቱ ከአደጋው ውጭ ነው።

በዚህ ወር ደስ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው።

አክባሪዎ ኮልቤይን

*

ሁልዱቪክ፣ ኦክቶበር 7

ለወንድሜ ልጅ፤ እጅህ ይባረክ። አባትህ በሕይወት ቢኖር ምንም አይልህም ነበር፤ ግን ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞር ነበር።

ወረቀትህ በመንደሩ ያልገባበት ቤት የለም። ድሪቫ ለላይኛው መንገድ ሰዎች ሁሉ ኮፒ አድርጋለች። አንዱ ኅብረት ሱቁ በር ላይ፣ ልክ ከቀዩ መስመር አጠገብ ተለጥፏል። ስቱርላ የራሱን ቅጂ ሙቅ ገንዳው ድረስ ይዞ ገብቶ፣ ሰው እያየው ሥዕሉን ሳመው። ቀለሙ ፈሶ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ።

"ሬይክያቪኮች ይሄን ይብሉ!" አለ።

"ቀስ በል፣ ገና አልጸደቀም" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ! ደስታ እንኳ ስትደሰቺ ጉልበት የሚያምሽ ትመስያለሽ።"

እውነቱን ልንገርህ፤ እኔም ጀምሬ የነበረውን ዕቃ መጠቅለል ተውኩ። የጠቀለልኩትንም ፈታሁ። ሳህኖቹ መደርደሪያቸው ላይ ተመልሰዋል።

ወረቀቱን ለሬይክያቪኩ የአደጋ መከላከያ ቢሮ ልከንላቸው መልስ መጣ። "ወረቀት አይበቃንም፤ ወረቀት አይሠራም። ደብተሩ ራሱ ይላክልንና እናስኪደው" ይላሉ። አንተ በፊት እንደነገርከኝ ነው። ቶሎ ላክላቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በስሌቱ ሳጥኖች ግራ፣ ኅዳጉ ላይ በቅንፍ የተጻፉ ቁጥሮች አሉ። በቅደም ተከተል አይሄዱም። ድሪቫ ኮፒ ስታደርግ ገጾቹን ያደበላለቀች መስሎኝ ተነጫነጭኩባት፤ ለካስ እሷ አይደለችም። የበረዶው ውፍረት ያለበት ሳጥን 32 ነው። ከሱ ሥር ያለው የናዳው ሥዕል 31 ነው። በቁጥሩ ከሄድን ናዳው በረዶው ከመዝነቡ በፊት ወረደ ማለት ነው። ነገሩ ተራ ከሆነ ዝም በለኝ፤ ስብሰባ ላይ ሰው ቢጠይቀኝ እንዳላፍር ብዬ ነው።

አክስትህ ቶርዲስ

*

ግራዝ፣ ኦክቶበር 18

ለተከበሩ አክስቴ፤

እንደምን ሰነበቱ። እዚህ ዝናብ ነው። መሥሪያ ቤቱ ስለ ውሌ እስካሁን ምንም አላለኝም።

ደብተሩን ለቢሮው ከመላኬ በፊት ትንሽ ማጽዳት ይፈልጋል። እልካለሁ።

ሆቱር ላይ በረዶ ጀምሯል? ከየት አቅጣጫ ነው የሚነፍሰው? ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግርዎት፤ አልጋዎን ባሕር በኩል ወዳለው ክፍል ቢያዞሩት ጥሩ ነው። ለጉልበትዎ ይሞቅዎታል። ጠዋትም ብርሃን ያገኛሉ። ስቱርላ ልጆቹን ይዞ ይምጣና ያግዝዎት፤ ከባድ ነው፣ ብቻዎን አይሞክሩት።

ወረቀቱን ካሁን በኋላ ለሌላ ሰው ባይሰጡት እወዳለሁ፤ ስብሰባው እስኪደርስ ብቻ።

አክባሪዎ ኮልቤይን

*

ሁልዱቪክ፣ ኦክቶበር 26

ኮልቤይን፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ስለ ቁጥር ጠየቅሁህ፤ ስለ አልጋ መለስክልኝ።

አልጋውን አላዞርኩም። ባሕር በኩል ያለው ክፍል ከተራራው ሩቅ ነው እንጂ ሞቃት አይደለም፤ አንተም ልጅ ሆነህ እዚያ ተኝተሃል፣ ታውቀዋለህ። በዚያ ክፍል ብርሃን የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው። አባትህም መጥፎ ወሬ ሲኖረው ስለ ነፋስ ይጠይቀኝ ነበር።

የቢሮውን ሰዎች የሚያመጣው አውሮፕላን በጭጋግ ምክንያት ስላልመጣ ስብሰባው ወደ ኖቬምበር 8 ተላልፏል። የሆቱር ራስ ነጭ ሆኗል፤ እስከ ግማሹ ገና ጥቁር ነው። ነፋሱ ከሰሜን ነው። ይኸው፣ የጠየቅከውን ሁሉ መልሼልሃለሁ።

አሁን አንተ መልስ። በረዶው 32፣ ሥዕሉ 31። ምን ማለት ነው?

ቶርዲስ

*

ግራዝ፣ ኖቬምበር 2

ለተከበሩ አክስቴ፤

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ለድሪቫ በኢሜይል ልኬላት አትማ ታደርስልዎታለች፤ በፖስታ ፍጥነት የሚነገር ነገር አይደለም። ማክሰኞ ደውዬልዎት ሁሉንም ነግሬዎት ነበር። "አዎ፣ አዎ" ብለው ዘጉት። ስቱርላ ጋ ልደውል ስልኩን ሁለቴ አንስቼ አስቀመጥኩት።

ሥዕሉ ስህተት ነው።

ኅዳጉ ላይ ያለው ቁጥር የገጽ ቁጥር አይደለም። ሳጥኑ ስንተኛ እንደታዘዘ የሚናገር ነው። መጀመሪያ የተራ ዓመት በረዶ አስገብቼ ሞከርኩት፤ 30። ሥዕሉን አዘዝኩ፤ 31። ናዳው ከግራጫው ድንጋይ በላይ ቆመ። ከዚያ እዚያው ሳጥን ላይ የበረዶውን ውፍረት ወደ ትልቁ ቀየርኩና አዘዝኩት፤ 32። ከሥሩ ያለውን ሥዕል ግን መልሼ አላዘዝኩትም። ደብተሩ የድሮውን ሥዕል አያጠፋም፤ እስኪታዘዝ ድረስ እዚያው ይተወዋል። ስለዚህ ጽሑፉ ስለ ትልቁ በረዶ ያወራል፣ ሥዕሉ የትንሹ ነው። ወደ ወረቀት ስገለብጠው ደግሞ ያየውን እንዳለ ገለበጠው። መገልበጡ ስሌቱን አያሠራም፤ ይገለብጣል ብቻ። እኔ ደግሞ የተራራው ስም በትክክል መጻፉን ሳይ ሌላውም ልክ መሰለኝ።

በሥራችን እንዲህ ያለ ስህተት ለጀማሪ የምንነግረው ነው። ለሰው ከመስጠትህ በፊት ዘግተህ ክፈት፣ ከላይ እስከ ታች አሠራ እንላለን። አላደረግኩትም። የማልወደው ሥዕል ቢሆን አሥር ጊዜ አሠራው ነበር።

የእርስዎን ጥያቄ ካነበብኩ በኋላ ራሴ ላስኬደው አልደፈርኩም፤ ጠረጴዛ ለምትጋራኝ ለቬሬና ሰጠኋት።

"ኮልቤይን፣ ከላይ እስከ ታች አሠራሁት" አለችኝ። "ሥዕልህ የት ሄደ?"

"እዚያው ነው።"

"የለም። ሌላ ነው ያለው። እዚህ ጋ ያለው ቤት በረዶ ውስጥ ነው። የማነው ቤቱ?"

"የአክስቴ።"

ከዚያ በኋላ ወደ ራሷ ሥራ ዞረች።

ስለ አልጋው ስጽፍልዎት ይህን አውቅ ነበር። ሌላ ስህተት አገኝ ይሆናል፣ ተመልሶ ይስተካከል ይሆናል ብዬ ነው ያልነገርኩዎት። አልተስተካከለም። በትልቁ በረዶ ናዳው ድንጋዩን አልፎ፣ ቤቱን አልፎ መንገዱ ላይ ይቆማል። የዶሮ ቤቱም አይተርፍም። የሬይክያቪክ ሰዎች መስመር ትክክል ነው፤ እንዲያውም ራርተውልናል።

ደብተሩን ዛሬ ለቢሮው ልኬላቸዋለሁ፤ አሠርተው ያዩታል። ስሜ ላዩ ላይ አለ።

እባክዎን ይውጡ። ስብሰባውን አይጠብቁ።

ኮልቤይን

*

ሁልዱቪክ፣ ኖቬምበር 15

ለኮልቤይን፤ እግዚአብሔር ከጭንቀት ያሳርፍህ።

ድሪቫ ኮት እንኳ ሳትለብስ ነው ይዛልኝ የመጣችው። አንብባዋለች፤ ዓይኗ ይናገራል። ደብዳቤውን አነበብኩ። ሳህኖቹን ከመደርደሪያው አወረድኩ።

ስብሰባው ላይ የቢሮው ሰው "ተቃውሞ ያለው?" ብሎ ሲጠይቅ ስቱርላ ወረቀትህን ከፍ አድርጎ ተነሣ። እኔ ከኋላ ሆኜ "ተቀመጥ" አልኩት።

"ምን ነካሽ?"

"ሥዕሉ ስህተት ነው። የሠራው ሰው ራሱ ጽፎልኛል።" የጻፍከውን አነበብኩላቸው። ስለ አልጋ የሚለውን አለፍኩት፤ እሱ የእኔና የአንተ ነው። ኋላ ስቱርላ ቀይ ሆኖ፦

"ታዲያ ያን ወረቀት ለመንደሩ ስታድይ አላነበብሽውም?" አለኝ።

"እኔ አንብቤዋለሁ። አንተ ነህ የሳምከው።"

ሰው ሳቀ። መሳቃቸው ጥሩ አልነበረም። ስቱርላ ሳይሰናበት ወጣ። መስመሩ ጸደቀ።

እኔ ወደብ አጠገብ ካሉት የማዘጋጃ ቤቱ ክፍሎች አንዱ ውስጥ ነኝ። ቁልፉን አስረክቤያለሁ፤ በሜይ ይመልሱልኛል። ዶሮዎቹን ለድሪቫ ሰጠሁ። አንድ ነገር ታዝቤያለሁ፤ ቤት ሆኜ ሆቱርን ሙሉ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ከሥሩ ስለሆንን ሆዱን ብቻ ነበር የማየው። ከዚህ ሁለመናው ይታያል። ትልቅ ነው።

ጭንቀቴ ስቱርላ ነው። አልወጣም ብሏል። "አንዴ ወረቀት አምጥታችሁ አትውጣ አላችሁኝ፣ አሁን በወሬ ውጣ ትሉኛላችሁ። ወረቀት ሳላይ ንቅንቅ አልልም" ይላል። በጉልበት የሚያወጣው ሰው የለም፤ ማዘጋጃ ቤቱም እስከ ገና በዓል ጊዜ ሰጥቶታል። በረዶው ግን የማዘጋጃ ቤቱን ቀጠሮ አያውቅም። ትናንት ነጩ እስከ ግራጫው ድንጋይ ወርዷል።

ትክክለኛውን ወረቀት ሥራለት። እሱም እንደ እኔ ነው፤ ስክሪን አያምንም።

አክስትህ ቶርዲስ

*

ግራዝ፣ ኖቬምበር 20

ለተከበሩ አክስቴ፤

ከቤት በመውጣትዎ እግዚአብሔር ይመስገን። የማደርገውን አጥቼ ለነበርኩት ለእኔ ይበቃኛል።

ወረቀቱን በዚህ ፖስታ ልኬያለሁ። ዘግቼ ከፍቼ ከላይ እስከ ታች ሦስቴ አሠርቼዋለሁ፤ ቬሬናም በራሷ ማሽን አሠርታለች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለስቱርላ ሁለት መስመር ጽፌያለሁ፤ ያንብበው አያንብበው የእሱ ነው። ያለፈው ወረቀት በየቤቱ ካለ እባክዎ ሰብስበው ያቃጥሉት። ሰው የሚወደውን ነው የሚያስቀምጠው።

ውሌን አላደሱትም። በዚህ ስህተት ምክንያት አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በሜይ እመጣለሁ።

ኮልቤይን

*

ሁልዱቪክ፣ ዲሴምበር 11

ለወንድሜ ልጅ ለኮልቤይን፤

ጤናህን ጌታ ይጠብቅልህ። ገናን ከሰው ጋር አሳልፍ፤ ብቻህን ሆነህ የቆርቆሮ ዓሣ እንዳትበላ።

መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ስለሰነበተ ፖስታህ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። ስቱርላ ጋ በድሪቫ መኪና ወሰድኩለት። በር ላይ ቆሞ ተቀበለኝ፤ ግቢ አላለኝም። የጻፍክለትን አነበበ። ሥዕሉን አየ። ቤቱ የት እንደሆነ በጣቱ ፈለገው፣ አገኘው፣ ጣቱን አላነሣም።

"መንገዱ ድረስ?" አለኝ።

"መንገዱ ድረስ።"

"ያ ልጅ እኮ ከእኔ ልጆች ጋር ከዚህ ቁልቁለት ሲንሸራተት ነው ያደገው።"

"ለዚያ ነው ስሌቱን የወደደው" አልኩት።

"አሁን ወደደው?"

"አይ። አሁን አሠርቶታል።"

በነጋታው ልጆቹ መጥተው ዕቃውን አወረዱለት። አሁን ከእኔ በታች ያለው ክፍል ውስጥ ነው። ራዲዮ ጮክ አድርጎ ይከፍታል። በየጠዋቱ መስኮቱን ከፍቶ ሆቱርን ያየውና፣ ወደ ላይ ወደ እኔ ቀና ብሎ "ይኸው፣ አልወረደም" ይለኛል። እኔም "አልወረደም" እለዋለሁ። ገንዳው ውስጥ እስካሁን ከእኔ ርቆ ነው የሚቀመጠው። የአንተን ስም ሲያነሡ ግን አይሳደብም፤ ለስቱርላ ይሄ ብዙ ነው።

ዕቃዬን ገና አልጨረስኩም። ካርቶኖቹ ላይ ቁጥር የጻፍኩት በጠቀለልኩበት ቅደም ተከተል ነበር። እንደዚያ እየፈታሁ ስመጣ መጀመሪያ የወጣልኝ የበጋ መጋረጃ ነው፤ ማንቆርቆሪያው መጨረሻው ካርቶን ውስጥ ተገኘ። እስከዚያ ውኃ በድስት ሳፈላ ሰነበትኩ። በአንተ ስስቅም ሰነበትኩ።

አሮጌዎቹን ወረቀቶች እንዳልከኝ ሰበሰብኩ። ከኅብረት ሱቁ በር ላይ ያለውን እኔው ነቀልኩት። ሁሉንም የድሪቫ ምድጃ ውስጥ ከትተናቸዋል፤ የስቱርላው ሰማያዊ ከንፈር ያለበት ብቻ አልተገኘም። አላውቅም ይላል። ትቼዋለሁ።

ላንተም አንድ ነገር ልመስክርልህ። አዲሱን ወረቀት ለስቱርላ ከመስጠቴ በፊት መነጽሬን አድርጌ የኅዳጉን ቁጥሮች ከአንድ ጀምሬ ቆጠርኩ። አንድም አልዘለለም፤ አንድም ወደ ኋላ አልተመለሰም። በረዶው ይወርዳል፣ ከዚያ ናዳው ይመጣል፣ ከዚያ ቤታችን የለም።

ትክክል ነው። ያለፈው ሥዕል ግን ያምር ነበር።

አክስትህ ቶርዲስ